እቴጌ ምንትዋብና የናርጋ ሥዕል

በተማሪዎች መካከል የኪነ ጥበብ ወሬ በተነሣ ቁጥር፥ ሴቶች ሠዓልያን በአገራችን ስለ ምን አነሱ የሚለው ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም። ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ነገሩን የተሰጥዎ ጉዳይ አድርገው ያልፉታል፤ ሌሎቹ ደግሞ በማጀትና በልጅ ማሳደግ ያመካኛሉ። እኛ ግን ክርክሩን ለጊዜው ትተን የአንዲት ሴት ሕይወት ብንተርክ ይሻላል ብለን አስበናል። የመረጥናትም ሴት ሩቅ አገር የነበረች አይደለችም። በጣና ላይ ከባሕር ዳር በጀልባ የሚደረስበት የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የእርሷ ሥራ ነው፤ በግድግዳውም ላይ መልኳ ተሥሎ እስከ ዛሬ ይታያል። ይህች ሴት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ካላልን በቀር፥ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

እቴጌ ምንትዋብ በ1698 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። እናታቸው ወይዘሮ እንኮዬ ይባሉ ነበር። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፥ በኋላም የመንግሥት ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነው። ምንትዋብ የሚለው መጠሪያ ከመልካቸው ማማር የተነሣ የወጣላቸው መሆኑን ስሙ ራሱ ይናገራል። ከአፄ በካፋ ጋር ስለ ተገናኙበት ሁኔታ ሲነገር የኖረ ተረት አለ። ንጉሡ ማንነታቸውን ሰውረው አገር ለአገር ሲዞሩ በቋራ ታመው ከአንድ ባላገር ቤት ወደቁ፤ የቤቱም ልጅ አስታመመቻቸው፤ በዳኑም ጊዜ ወደ ጎንደር አስመጥተው አገቧት ይባላል። ተረቱ እውነትም ይሁን አይሁን አንድ ነገር ያሳያል፤ ሕዝቡ ምንትዋብን ሲያስብ አስቀድሞ የሚያያት እንደ መልከ መልካም አስታማሚ ነው። የመንግሥት ሥራ ዐዋቂነታቸውና የጥበብ ወዳድነታቸው በተረቱ ውስጥ ቦታ አላገኘም።

አፄ በካፋ በ1713 ዓ.ም. ነግሠው በ1723 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሲሞቱ፥ አልጋውን የሚወርሰው ልጃቸው ኢያሱ ገና የሰባት ዓመት ሕፃን ነበሩ። ምንትዋብም በዚያ ጊዜ ዕድሜያቸው ሃያ አምስት ገደማ ነበረ፤ ይኸውም ከብዙዎቻችን ዕድሜ ብዙ የማይርቅ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ዘውድ ደፍተው ከልጃቸው ጋር በመንግሥት ተካፋይ ሆኑ። በስም ብቻ ሞግዚት ሆኖ መቀመጥና ዘውድ ደፍቶ መግዛት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የጎንደር መኳንንት ፈጥነው ተረዱት። በ1725 ዓ.ም. ዐመፀኞች ሌላ ንጉሥ አቁመው ጎንደርን በከበቡ ጊዜ እናትና ልጅ በግቢው ውስጥ ተከበው ቆይተው፥ ከጎጃምና ከዳሞት በመጣላቸው ጦር እርዳታ ለመዳን በቁ። ከዚህ በኋላ እቴጌ ወንድማቸውን ራስ ወልደ ልዑልንና ሌሎችንም የቋራ ዘመዶቻቸውን በሹመት ላይ አኑረው፥ አገሪቱን ረዘም ላለ ዘመን በአንጻራዊ ጸጥታ አስተዳደሩ።

እኛን በዚህ ጽሑፍ ይበልጥ የሚመለከተን ግን በዚያ ጸጥታ ዘመን የሠሩት ሥራ ነው። ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ ካለው ኮረብታ ላይ የደብረ ፀሐይ ቁስቋም ማርያምን ቤተ ክርስቲያንና ከአጠገቡ የራሳቸውን ቤተ መንግሥት አሠሩ። ቁስቋም በግብፅ ያለ፥ እመቤታችን ከልጇ ጋር በስደት ያረፈችበት ቦታ ስም ነው። ለአንዲት ሕፃን ልጅ ይዛ ጠላት ለከበባት እናት ይህ ስም ያለ ምክንያት የተመረጠ አይመስለንም። በፋሲል ግቢም ውስጥ በስማቸው የሚጠራ ቤተ መንግሥት አላቸው። በጣና ላይ ደግሞ ከደሴቶቹ ሁሉ ትልቅ በሆነው በደቅ፥ በምዕራብ ዳርቻው፥ የናርጋ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ።

እዚህ ላይ ስለ ዘመኑ የሥዕል ሥራ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ ሠዓሊ ማለት ደብተራ ወይም ቄስ ወይም መነኩሴ ማለት ነበር። ሥዕል የሚማረው ሰው ንባብና ዜማ በሚማርበት በዚያው በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር፥ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ፥ የቆየውን ሥዕል እየቀዳ ነው። ብራና መፋቅን፥ ቀለም መበጥበጥን፥ ሙጫ ማፍላትን አብሮ ይማራል። በጣና አብያተ ክርስቲያናት የምናያቸው የግድግዳ ሥዕሎች አብዛኞቹ በቀጥታ በጭቃው ግድግዳ ላይ የተሣሉ አይደሉም፤ የጥጥ ሸማ በግድግዳው ላይ ተለጥፎ ሥዕሉ በሸማው ላይ ይሠራል። ጻድቅ ሰው ፊቱን ወደ ተመልካች አዙሮ በሁለት ዓይን፥ ከሓዲና ሰይጣን ግን በጎን በአንድ ዓይን ይሣላል። ይህን ሁሉ ሕግ የሚያስተላልፈው መምህር ለደቀ መዝሙር ነው፤ ደቀ መዝሙሩም ሁልጊዜ ወንድ ነው። ሴት ልጅ ወደዚያ ትምህርት ቤት የምትገባበት በር አልነበረም። ስለዚህ የጎንደር ዘመን ሴት ሠዓሊ ብንፈልግ ያጣነው ሴቶቹ ዓይንና እጅ ስለ ሌላቸው አይደለም፤ ከመምህሩ እግር ሥር የሚቀመጡበት ስፍራ ስላልተሰጣቸው ነው።

እቴጌ ምንትዋብም ብሩሽ ይዘው ሣሉ ብሎ የጻፈ የለም፤ እኛም እንዲህ አንልም። ነገር ግን የጥበብ ታሪክ ዐዋቂዎች ሁለተኛው የጎንደር ስልት ብለው የሚጠሩት አሣሣል የበለጸገው በእርሳቸውና በልጃቸው ዘመን፥ በእነርሱም ቤተ መንግሥት ደጋፊነት ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የጎንደር ሥዕል ፊትን በቀላል መስመር አውጥቶ በብርቱ ቀለም ይሞላ ነበር። በሁለተኛው ስልት ግን ፊቱና እጁ በጥላ ይከበባል፤ ሥጋው ክብደት ያገኛል፤ ከበስተ ኋላ ያለው መደብ ከአንድ ቀለም ወደ ሌላው ቀስ እያለ ይለወጣል። ልብሱ ደግሞ እጅግ ያማረ ነው። ከሕንድ አገር በቀይ ባሕር በኩል ይመጣ የነበረው አበባ ያለበት ሐርና ጥጥ በሥዕሎቹ ላይ በዝርዝር ይታያል። ከአውሮፓ በሚስዮናውያን እጅ የመጡ የታተሙ ሥዕሎችንም ሠዓልያኑ አይተው፥ ለራሳቸው እንደሚስማማ አድርገው ለውጠዋቸዋል። እንግዲህ ይህን አዲስ ስልት በዘመኑ ዓይን ካየነው ዘመናዊ ሥዕል ነበረ ለማለት ይቻላል።

የናርጋ ሥዕል የሚያስደንቀን በዚህ ምክንያት ነው። ክብ በሆነው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኗል። ከሥዕሎቹም በአንዱ ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ከእግሯም ሥር እቴጌ ምንትዋብ በክብር ልብሳቸው በግንባራቸው ተደፍተው ይታያሉ። አሠሪዎችን በሥዕል ግርጌ ማኖር ከእርሳቸው በፊትም የነበረ ልማድ ነው። የእርሳቸው ግን ለየት ይላል። አሣሣሉ የትሕትና ነው፤ ልብሱና ጌጡ ግን ተደፍታ ያለችው ሴት ባለ ዘውድ መሆኗን ለማንም አይሰውርም። በአንድ በኩል ለእመቤታችን ይሰግዳሉ፤ በሌላ በኩል ወደዚያ መቅደስ ለሚመጣው መኰንን፥ መነኩሴና ገበሬ ሁሉ ይህን ያሠራሁ እኔ ነኝ ይሉታል። ማኅተም ከማሳተምና ዐዋጅ ከማስነገር የማያንስ የመንግሥት ሥራ ነው። ሠዓሊው ግን ስሙን አልጻፈም። በዚያ ዘመን ሠዓሊ ስሙን መጻፍ ልማዱ አልነበረምና፥ ከሥዕሉ ጋር የቀረልን ስም የአሠሪዋ የሴቲቱ ስም ነው።

ይህን ከሌላው ዓለም ጋር ብናስተያየው ነገሩ ይበልጥ ይገለጥልናል። እቴጌ በሕይወት ሳሉ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1768፥ በለንደን የንጉሣዊው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተቋቋመ። ከመሥራቾቹም መካከል አንጀሊካ ካውፍማንና ሜሪ ሞዘር የተባሉ ሁለት ሴቶች ነበሩ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ዮሐን ዞፋኒ የተባለው ሠዓሊ የአካዳሚውን አባላት በአንድ ሸራ ላይ ሲሥል፥ ወንዶቹን ራቁቱን በተቀመጠ ሰው ዙሪያ ሲያጠኑ አሳየ። ራቁት ሰው ፊት ቆሞ መሣል ለሴቶች አይፈቀድም ነበርና፥ ሁለቱን ሴቶች በክፍሉ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉ ምስሎች አድርጎ ሣላቸው። ከእነርሱም በኋላ ሌላ ሴት በሙሉ አባልነት እስክትመረጥ ድረስ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር እስከ 1936፥ ብዙ ዘመን አለፈ። እንግዲህ በለንደንም በናርጋም በአንድ ዘመን ሴቲቱ በግድግዳ ላይ ትገኛለች። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የለንደኖቹ ሴቶች ብሩሽ የያዙ ሠዓልያን ሳሉ ከሥራው ክፍል ወጥተው ወደ ግድግዳ ተሰቀሉ። ምንትዋብ ግን ብሩሽ ሳይዙ፥ በገዛ ፈቃዳቸውና በገዛ ገንዘባቸው፥ በግድግዳው ላይ ስፍራቸውን ያዙ።

ወደ ሕይወታቸው እንመለስ። የሐሜት ምላስ ከእርሳቸው አልራቀም ነበር። ከባላቸው ሞት በኋላ የንጉሡ ዘመድ ከነበረው ከምልምል ኢያሱ ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱ፤ ይህም በመኳንንቱና በካህናቱ ዘንድ ብዙ አስወራ። ልጃቸው አፄ ኢያሱም ቤትና ጌጥ እንጂ ጦር አያውቁም እየተባሉ ይታሙ ነበር። በ1736 ዓ.ም. ንጉሡ ወደ ስናር ዘምተው በድንድር ወንዝ አጠገብ ድል ሆኑ፤ ኵርዓተ ርእሱ የተባለው፥ ነገሥታቱ ወደ ጦርነት ይዘውት ይሄዱ የነበረው የክርስቶስ ሥዕልም በጠላት እጅ ወደቀ፤ በኋላም በወርቅ ተቤዠ። ከዚህ እንደምንረዳው ሥዕል ለዚያ ዘመን ሰዎች የግድግዳ ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ሲማረክ መንግሥት የሚያዝንበት፥ ወርቅ ተከፍሎ የሚመለስ ነገር ነበረ።

አፄ ኢያሱ በሰኔ ወር በ1747 ዓ.ም. ሞቱ። አልጋውን የወረሱት የልጅ ልጃቸው አፄ ኢዮአስ ሕፃን ነበሩና፥ እቴጌ ለሁለተኛ ጊዜ የሞግዚትነትን ሸክም ተሸከሙ። ነገር ግን በዚህ ጊዜ ሁኔታው እንደ ፊተኛው አልሆነም። የኢዮአስ እናት ውቢት ከኦሮሞ ባላባት ወገን ነበሩና፥ በእርሳቸው ዘመዶችና በእቴጌ የቋራ ዘመዶች መካከል ፉክክር በረታ። ራስ ወልደ ልዑል በ1759 ዓ.ም. ሲሞቱ ሁለቱን ወገኖች የሚያመዛዝን ሰው ጠፋ። ከትግራይ የተጠሩት ራስ ሚካኤል ስሑል ለዕርቅ መጥተው ለራሳቸው ኀይለኛ ሆኑ። ከእቴጌ ሴቶች ልጆች አንዷን ወይዘሮ አስቴርን አገቡ፤ በ1761 ዓ.ም. ግን አፄ ኢዮአስን አስገደሉ። ብዙዎች የታሪክ ጸሐፊዎች ዘመነ መሳፍንት የሚጀምረው ከዚህ ቀን ነው ይላሉ። እቴጌም የልጅ ልጃቸውን በቁስቋም ቀብረው ከቤተ መንግሥቱ ሥራ ራቁ።

የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲደርስ ያገኛቸው በዚህ ኀዘን ውስጥ ሳሉ ነው። በቁስቋም ፈንጣጣ ገብቶ ነበርና ብሩስ ሕፃናቱን አከመ፤ በዚህም በእቴጌ ዘንድ ሞገስ አገኘ። ከእርሱ ጋር ልዊጂ ባሉጋኒ የተባለ የኢጣልያ ሠዓሊ ነበረ። ይህ ሰው የአገሩን ዕፅዋትና አራዊት በጥንቃቄ ሲሥል ቆይቶ እዚያው ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ ወደ አገሩ ተመልሶ ባሳተመው መጽሐፍ እቴጌን በአክብሮት ያነሣቸዋል። በናርጋ ሥላሴም ቧንቧ ያለው የትምባሆ ማጤሻ የያዘ ሰው ቅርጽ ይታያል፤ የአካባቢው ሰዎች ይህ ብሩስ ነው ይላሉ። እቴጌ ምንትዋብ በሰኔ ወር በ1765 ዓ.ም. በስድሳ ሰባት ዓመታቸው ገደማ ዐረፉ።

ከሞቱም በኋላ ሥራቸው ዕረፍት አላገኘም። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ያሰባሰቧቸው የብራና መጻሕፍት በመቅደላ ላይ በ1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር እጅ ወድቀው፥ 350 ያህሉ ወደ ለንደን ሙዚየም ገቡ። ከእነርሱም መካከል በሁለተኛው የጎንደር ስልት ያጌጡ ይገኛሉ። ኵርዓተ ርእሱም በዚያው ጊዜ ከአገር ወጣ፤ አልተመለሰም። የቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በ1880 ዓ.ም. በድርቡሾች ተቃጠለ፤ የዛሬው በኋላ የታነጸ ነው። በዚያም የእቴጌና የልጃቸው፥ የልጅ ልጃቸውም አፅም በመስተዋት ሣጥን ይታያል። ናርጋን ግን ውሃው ጠበቃት። ሰፊው ባሕር በዙሪያዋ ስለ ነበረ እሳቱም ዘራፊውም ሳይደርስባት፥ ሥዕሎቿ እስከ እኛ ዘመን ቆዩልን።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንምጣ። በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. ሲከፈት መሥራቹ አለ ፈለገ ሰላም ነበሩ። እርሳቸውም ከቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ቤተሰብ የተገኙ ናቸው። ስለዚህ አዲሱ ትምህርት ቤት ከአሮጌው ፈጽሞ የተቆረጠ አልነበረም፤ ከአባት ወደ ልጅ፥ ከአጎት ወደ ወንድም ልጅ ሲወርድ የመጣ ጥበብ ነው ወደ ክፍል የገባው። የዘመናዊ ሥዕላችን ታሪክ ሲጻፍ አስቀድመው የሚጠሩት አፈወርቅ ተክሌ፥ ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን ናቸው፤ ይገባቸዋልም። ደስታ ሐጎስ ግን በ1961 ዓ.ም. ገደማ ሥራዎቻቸውን ብቻቸውን ለትርኢት በማቅረብ ከኢትዮጵያ ሴቶች የመጀመሪያዋ እንደ ሆኑ ይነገርላቸዋል። ዛሬ ደግሞ በአዲስ አበባ የተወለዱት ጁሊ ምሕረቱ በኒው ዮርክ ሆነው በሚሠሯቸው ታላላቅ ሸራዎች በዓለም ሁሉ ታውቀዋል። በሩ በተከፈተ ጊዜ የሚገባ እንዳልጠፋ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

ነገር ግን በሩ ከመከፈቱም በፊት እጃቸውን አጣምረው የተቀመጡ ሴቶች አልነበሩም። የመሶብ ስፌት የአክርማውን ቀለም ነክሮ፥ ቁጥሩን በልብ ይዞ፥ ከመሐል ወደ ዳር እያሰፉ የሚሠራ ሥዕል ነው። በጎንደር አጠገብ በወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች ይሠሩት የነበረው የሸክላ ሥራ ቅርጽ ማውጣት ነው። የቀሚስ ጥልፍም እንዲሁ። እነዚህን ግን የእጅ ሥራ ብለን ከሥነ ጥበብ ቤት ውጭ እናስቀምጣቸዋለን፤ ቀጥለንም ሴት ሠዓሊ የት አለች ብለን እንጠይቃለን። መጀመሪያ ቤቱን በወንድ ልክ ሠርቶ፥ በኋላ ሴት አልተገኘችበትም ማለት ትክክለኛ ክርክር አይደለም።

አንዳንድ ሰዎች ምናልባት ምንትዋብ ሀብትና ዘውድ ስለ ነበራቸው ነው፤ ለድኻይቱ ሴት ምን ምሳሌ ይሆናሉ ይሉን ይሆናል። ይህ ቀላል ተቃውሞ አይደለም። የናርጋ ድንጋይ የተከመረው በገበሬው ግብርና ጉልበት ነው፤ የገበሬው ሚስት ግን በግድግዳው ላይ የለችም። እኛም እቴጌን ለማመስገን ስንል ይህን ልንሸፍን አንወድም። ሆኖም ከሕይወታቸው የምናገኘው ትምህርት ሀብት እንዲኖረን አይደለም። ከሁሉ የበለጠው ኀይል በነበራቸው ሴት እጅ እንኳ ብሩሹ አልገባም፤ ማሠራትና መሣል እጅግ የተራራቁ ነገሮች ነበሩ። ዘውድ ያልከፈተውን በር የከፈተው ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ ዛሬ በየክፍላችን አብረውን ለሚማሩት እኅቶቻችን የሚያስፈልጋቸው ምስጋና ሳይሆን ቀለም፥ ቦታ፥ መምህርና ጊዜ ነው።

እኛ በባሕር ዳር ያለን ተማሪዎች ልናደርገው የምንችለው ጥቂት ነገር አለ። በክብራን ገብርኤልና በዳጋ እስጢፋኖስ የገዳም ሥርዓት ሴቶች አይገቡም፤ ሥርዓቱን መንቀፍ የእኛ ድርሻ አይደለም። ናርጋ ሥላሴ፥ የዘጌዎቹም ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ግን ለወንድም ለሴትም ክፍት ናቸው። የታሪክና የሥነ ጥበብ ክበቦቻችን በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ወንድና ሴት ተማሪዎችን ይዘው ወደ ናርጋ ቢሄዱ፥ የሄዱትም እርሳስና ወረቀት ይዘው ያዩትን ቢሥሉ፥ የሠሩትም በግቢያችን ለትርኢት ቢቀርብ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከዚህም ጋር የየሰፈራችንን የስፌትና የሸክላ ሠራተኞች ሥራ፥ ፈቃዳቸውን ጠይቀን፥ ከነስማቸው መመዝገብ እንችላለን። የናርጋን ሠዓሊ ስም ማወቅ ዛሬ አንችልም፤ ጊዜው አልፏል። በእኛ ዘመን የሚሠራ እጅ ግን፥ የወንድም ሆነ የሴት፥ ስሙ ሳይጻፍ እንዳይቀር ማድረግ በእጃችን ነው።